በዘርፌ መንጋጋ ያላየነው

ለውድ ልጄ ለየሻሽወርቅ መኩሪያ፣

ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ። አሁንም ውኃ ከቦኖ ራሴ እቀዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ይኸንንም በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ራሴ ነኝ የምጽፈው፤ ለአባቴ ማን ጻፈለት ብለሽ አትጠይቂ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ረታ ወደቡ ላይ ደህና ይሠራል? ሕፃኑ ገረመው ዳዴ አለ ወይ? እኛ እናትሽ ከመሃላችን ከመጉደሏ በቀር ደህና ነን።

ለትምህርት እኛ ዘንድ የተውሻት ማሚቱ ጥርሷን መታመሟን ሰምተሽ «ልውሰዳት» ብለሽ መላክሽ ደረሰኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለጥርስ ምርመራ ሐኪም ቤት ወስደዋቸው ኖሮ «አሳዳጊዋ ይምጣ» ተባልኩና ሄድኩ። ቡልጋሪያ የተማረ፣ ዶክተር ኦላና የሚባል ልጅ እግር፣ አውራ ጣት የምታክል ራጅ ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየኝ። ሁለት መንጋጋዎቿ በሚነካኩበት በኩል ጭጋግ የመሰለ ጥላ አለ። ከላይ ሲያዩት ግን ጥርሱ ምንም አልሆነም።

እናትሽ ዘርፌም እንዲሁ ነበረች። «ውስጥ ለውስጥ ይጠዘጥዘኛል» ስትለኝ አፏን አስከፍቼ በባትሪ አየሁ፤ ቀዳዳ የለም። ጎረቤታችን የሺመቤትም አየች፤ የለም። ብርድ ነው ብለን ቅርንፉድ አስነከስናት። የወይራ መፋቂያ እየቆረጥኩ የማቀርብላት እኔ፤ በሰፈሩ እንደሷ ጥርሰ ነጭ አልነበረም፤ ማን ይጠርጥር? ጉንጯ አብጦ እብጠቱ ወደ አንገቷ ሲወርድ ሆስፒታል አደረስናት። ትንፋሿ ተዘጋ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ዶክተሩን ዛሬውኑ ንቀልልኝ አልኩት። አይነቀልም አለ። እንግዲያው ሰርስረህ ሙላው አልኩት። እሱም አይሆንም፤ ገና አልተበሳም፤ እዚያ ለመድረስ ብሰረስር ደህናውን አብሬ አፈርሳለሁ አለ። መድኃኒት እቀባዋለሁ፣ ማታ ማታ በመሃሉ ክር ይለፍበት፣ ከረሜላ ይቅር፣ በየጊዜው በራጅ እናየዋለን አለኝ። «በር ነው እንዴ የምትቀባው?» ብዬ ጮኽኩበት። ማሚቱ ወንበሩ ላይ እንደተጋደመች «አባባ፣ የራስዎ ስላለቀ ነው የኔን የሚያስነቅሉት?» ብላ ነርሷን አሳቀቻት። መቼም ያንቺ ልጅ ናት። ዶክተሩ ግን አልሳቀም። «ቆይቶ ቢበሳ እሞላዋለሁ፤ ከነቀልኩት ግን መልሼ አልተክለውም» አለኝ። ከወንበሩ ዞር ብዬ ቦታ ለቀቅሁለት። ለኔ ይኸ እሺ ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

በጥጥ አደራረቀና በቀጭን ብሩሽ ቀባው። ደም የለ፣ መርፌ የለ። ሰው ሰላም የማለት ያህል እንኳ አልፈጀም። «ይኸው ነው?» አልኩት። «ይኸው ነው አባባ፣ በጊዜ ከተገኘ» አለኝ። የሻሽ፣ እዚያው በሰው ፊት አለቀስኩ። በእናትሽ ቀብር ዕለት ለቀስተኛ ያላየብኝን እንባ አንዲት ነርስ አየችው። መፋቂያ ፊት ለፊቱን እንጂ በጥርስና በጥርስ መሃል ያለውን እንደማያጠራ ማን ነገረኝ? ዘርፌን በጊዜው አይቶ ይኸን ያህል የሚቀባት ሰው ጠፋ? ልጅቱን ጎትቼ ወጣሁ።

ማሚቱን ለመውሰድ አትምጪ። ጥላው ይቁም ይስፋ ገና አልታወቀም፤ ቀጠሮዋ እስኪደርስ እዚሁ ትሁን። ክሩን የማሳልፈው እኔ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እሷም ጣቴን ትነክሰኛለች፤ ቢሆንም ያልፋል።

ረታን አደራ ራስህን ጠብቅ በይልኝ። ገረመውን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጥርስ ሲያወጣ ጣፋጭ እንዳታስለምጂው። የሺመቤት ሰላም ብላሻለች። ማሚቱ እጅሽን ትስማለች።

ስላለብኝ ዕዳ ግን ማንም አይግባብኝ። ዶክተሩ ላይ ጮኼ ያለምስጋና ወጥቻለሁ፤ ራሴ ሄጄ አመሰግነዋለሁ። በእናትሽ ሕመም ጊዜ የሺመቤት ያለበሰቻት ብርድ ልብስ እኔ ዘንድ ነው፤ አጥቤ እመልሳለሁ። የመቃብሩን አጥር በእጄ አጥራለሁ። ለእናትሽም ያለብኝ አለ፤ እሱንም የምከፍለው እኔው ነኝ፤ በምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

አባትሽ መኩሪያ ገብረየስ
ቦሌ፣ ወሎ ሰፈር
ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.