የሞተ የለም

ሚያዝያ 5፣ 2013 ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ ውዬ ወገቤ ተቆርጧል። ከሀይሌ ጋርመንት መካኒሳ ለመድረስ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ... ቤት ስደርስ ሲስተር ዓለሚቱ በር ላይ ቆማለች። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ባለሙያ። ለእማዬ ነው የመጣችው። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ በዚያ ላይ ስኳር አለባት። የኮሮና ክትባት ለእንደሷ ዓይነቱ ተጀምሯል።

እማዬ በፈገግታ ሸኘቻት። በሩ ሲዘጋ፣ "የተወጋ ሁለት ዓመት አይቆይም አሉ" አለች። ማን አለ? ጎፋ ያለችው አክስቴ። እሷስ ከየት ሰማች? ከቴሌግራም። ልከራከር አፌን ስከፍት፣ "ፌጦውንስ ማን ነበር ያመጣው?"

እውነቷን ነው። አምና ኮሮና ገባ ሲባል "ፌጦ ያድናል" የሚለውን በእድራችን ግሩፕ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ፌጦ ሲውጥ፣ ጨጓራውን ሲያቃጥለው ከረመ። እስከ ዛሬ "ዶክተሯ ልጄ" እያለች ትስቅብኛለች። ዛሬ ግን አላሳቀኝም። እሷ ብትታመምስ?

ሚያዝያ 8፣ ዓርብ

ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባ። ጋሽ በንቲ፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ። "አቶ ሙሉሰው አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት!"

አቶ ሙሉሰው... ለስኳር ክትትል ከእማዬ ጋር ይመላለሱ የነበሩት! ኮሮና ነው የወሰዳቸው። እማዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እያለቀሰች ወጣች።

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። "እውነት ነው ወይ?" ብሎ የጠየቀ የለም። ጋሽ በንቲ ካሉ አለቀ። ተምራ የመጣችውን ሲስተር ዓለሚቱን ግን ሁሉም ይጠራጠራል። ለምን?

ሚያዝያ 10፣ እሁድ

ጋሽ በንቲ ቤት ሄድኩ። ስለ ክትባቱ ቢለፍፉልኝ ብዬ።

"ጥሩምባዬ ለሞተ ሰው ነው፣ ልጄ። ደግሞ ያላየሁትን አልለፍፍም።"

ዱሮ ነው አሉ፣ ሥራውን በጀመሩ ሰሞን። እገሌ ሞቷል፣ ንፋ ብለው ላኩባቸው። ቤተሰቡን ላጽናና ብለው መጀመሪያ ጎራ ቢሉ ሰውየው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አጥሚት ይጠጣል! "ከዚያ ወዲህ እግሬ ሳይደርስ አፌ አይከፈትም።"

ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በዚያ ጉልበት፣ በጭቃው፣ በቁሩ፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ሳያዩ አንድም ሰው ሞተ ብለው አያውቁም። እኔ ፌጦውን ለመላክ ስንት ሰከንድ ፈጀብኝ?

ስወጣ ምን አሉኝ? "ጤና ጣቢያው በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?"

ሚያዝያ 15፣ ዓርብ

ሲስተር ዓለሚቱ እየሳቀች ነገረችኝ። ጋሽ በንቲ ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እየሄዱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተወግቶ የሚወጣውን ሰው ሲያዩ ሰነበቱ። ዛሬ ገብተው ጠየቋት።

"ይኼ ነገር ሰው ይጎዳል?"

"ትኩሳት ያመጣል፣ ክንድ ያሳምማል። በጣም ጥቂት ሰው ላይ ደም መርጋት ታይቷል።"

"ሁለት ዓመት የሚሉትስ?"

"እሱ ውሸት ነው፣ አባቴ። ግን ክትባቱ አዲስ ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ። ኮሮና የሚያደርገውን ግን አይተነዋል።"

ይህን ሲሰሙ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ አለችኝ።

በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ "አላውቅም ማለት የምትችል ልጅ ናት" አሉኝ። እንዴት እንደወደድኳቸው! ሁለቱንም።

ግንቦት 4፣ ረቡዕ

ጋሽ በንቲ ደህና ናቸው። እማዬ አሁንም እምቢ። አክስቴ በቴሌግራም ሌላ የድምፅ መልእክት ልካላታለች።

ግንቦት 6፣ ዓርብ

ንጋት ላይ ጥሩምባ። እማዬ ተስፈንጥራ ተነሳች፣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። "ማን ይሆን ደግሞ?" ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጣ።

"የሞተ የለም!" አሉ ጋሽ በንቲ። "ሰምታችኋል? የሞተ የለም! እኔ በንቲ ክትባቱን ተወግቻለሁ። ሁለት ቀን አንዘፍዝፎኛል። በሦስተኛው ተነስቻለሁ፣ የፋሲካን ዶሮም በልቻለሁ። ዛሬ ሦስት ሳምንቴ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ስኳርም ግፊትም ያለባችሁ፣ ሄዳችሁ ሲስተር ዓለሚቱን ጠይቋት!"

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ቦጋለ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ደረሱ። "ሟርት ነው! ሰው ሳይሞት ጥሩምባ ይነፋል?"

"ሰው ሳይሞት ብነፋ አይሻልም?"

"ያስረክቡ ጥሩምባውን!"

ጋሽ በንቲ ዘረጉላቸው። የሚያውቁት ሥራ ያ ብቻ ነው፣ ክብራቸውም ያ ነው... አቶ ቦጋለ ጥሩምባውን አዩት፣ ሰዉን አዩ፣ አልተቀበሉም። ወደ ቤታቸው ገቡ።

እማዬ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመች። ቀስ ብላ የዘቀዘቀችውን ነጠላ አቃናች።

"አንዴ ለብሻለሁ። እንሂድ።"

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ከፊታችን አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል። ሁሉም የኛ ሰፈር ሰው።

ሐምሌ 30፣ ዓርብ

እማዬ ሁለተኛውን ተወጋች። ራሷ ነች የቀሰቀሰችኝ።

ከሰዓት ዝናብ። አክስቴ ለእማዬ ደወለች። ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል ቅጠል ተገኝቷል፣ መድኃኒቱን ጣይው... መልእክቱን ለኔም ልካልኛለች። አነበብኩት። እውነት ቢሆንስ? ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም። ለእድሩ ግሩፕ ልልከው ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር።

እማዬ አክስቴን እስክትጨርስ አዳመጠቻት። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ "እህቴ፣ ሄደሽ አይተሻል?"



ስልኬን አስቀመጥኩ። ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

"በዚህ ዝናብ የት ነው?"

"ሲስተር ዓለሚቱ ጋ። ስለ ቅጠሉ ልጠይቃት።"

ፌጦውን ታነሳብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳችም። ጃንጥላውን ከበሩ ኋላ አውጥታ ሰጠችኝ።