አቤት ባይ ያጣ ጥሪ

በባሕር ማዶ፣ በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ ለምትኖረው ለታናሽ ወንድሜ ለይሥሐቅ ይድረስ፤

ሰማይና ምድርን ያጸና አምላክ በያለህበት ይጠብቅህ እያልኩ ጤንነትህን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ኮከብ እንዴት ናት? ልጅህ ማዕረግ አማርኛ ታነባለች ወይስ እንደ ፈራሁት ረሳችው? ያገሩ ዝናብ አላባራ ብሎ ነበር፤ አሁንስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴ አማከለችም ደህና ናት። የበልጉ ገብስ ዘግይቶም ቢሆን በቅሏል። እናታችን እማሆይ ወለተ ኢየሱስ በሕይወት አሉ። የምጽፍልህ ስለ እሳቸው ነውና እስከ መጨረሻው አንብበው።

መጋቢት 9 ቀን እሑድ በኮምፒውተሩ ስንተያይ ምስሉ ቆመ፣ ድምፁም ጠፋ። ቆይተህ በስልክ ስትጠይቀኝ መስመሩ ነው ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ እዚህ የሆነውን ግን አልነገርኩህም። እማሆይ ሞቷል ብለው አልቅሰውልሃል። አርባህ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ወጥቷል።

የአክስታችን ልጅ ጫኔ በአረብ አገር በሞተ ጊዜ መርዶው ሁለት ዓመት ተደብቆ እንደ ነበር ታስታውሳለህ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በስሙ ለእናቱ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ለደግ ነው ተብዬ ነው፤ እማሆይ ግን አልረሱትም። አንተ ስትደውል ስልኩን በእጃቸው አይነኩም። ድምፅ ይኮረጃል፣ ጽሕፈትም በልጄ እጅ ሲኮረጅ አይቻለሁ፣ ፊቱን ካላየሁ ይሥሐቅ አለ አልልም አሉ። አንድ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል፤ ሁለተኛውም በየወሩ እየደከመ ነው። የላክህልኝ ላፕቶፕ ሲያስቸግረኝ እንደ ግል ጠላት የያዝኩት ስለዚህ ነበር።

ከሬዲዮ መጠገኛዬ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ምንይሉ፣ የተቀዳ ዊንዶውስ በነፃ ልጫንልዎ አለኝ። ባለቤቱ የሚሸጠውን መቅዳት ስርቆት ነው ብዬ እምቢ አልኩና፣ ፈጣሪዎቹ በነፃ ውሰዱት ያሉትን ሊኑክስ የተባለ ሲስተም ጫንኩ። ምንይሉ፣ ጋሽ በኃይሉ ለኮምፒውተርም ጾም አወጡለት እያለ ለገበያተኛው ሁሉ አወራ። ሁሉም ነገር ሠራ፤ ገመድ አልባው ግንኙነት ብቻ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄዶ ይሞታል። ሲሞት በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ይጽፋል። በመዝገበ ቃላት ፈታሁት፦ ጥሪ ቁጥር 18፣ ማንም ግድ አላለውም። ከሥሩ ደግሞ፦ ጥሪ 18 ተዘጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ጉዳይ ሲኖረው ይጣራል። አንጎሉ ሥራውን አቋርጦ ማን ጠራ ይላል። ዕቃውን የሚያዝ ድራይቨር የሚባል ጽሑፍ አለ፤ እሱ አቤት ብሎ ጉዳዩን ይፈጽማል። ጥሪው እየመጣ አቤት የሚል ከጠፋ፣ አንጎሉ እስከ መቶ ሺህ ጥሪ ድረስ ታግሦ ያንን ጆሮውን ይደፍነዋል። ገመድ አልባውም በዚያው ጆሮ የሚጠራ ስለሆነ አብሮ ይታፈናል። የሚጠራው ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

በዋዜማው ቅዳሜ አንድ ትእዛዝ ጨምሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራልኝ። ምንይሉ እሑድ ጠዋት፣ ለዛሬ እንኳ ከእኔ ቤት ገመድ ስበን እንሰካ፣ በእማሆይ አይፈትኑበት አለኝ። ገመድ ለበግ ነው አልኩት።

የሆነውን ከወዲህ በኩል ልንገርህ። ጉሙ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። አንተ መጣህ፣ እማዬ አልክ። እማሆይ ወደ ኮምፒውተሩ መስተዋት ተጠጉ፣ ሽበትህን በጣታቸው ነኩ። እሱ ነው አሉኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ሊመልሱልህ አፋቸውን ሲከፍቱ አንተ ቆምክ። ዓይንህ ግማሽ እንደ ተከደነ፣ አፍህ እንደ ተከፈተ። ይሥሐቅ ብለው ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው፣ እዚያው መስተዋቱ ላይ፣ ዓይንህን ሊከድኑ ሞከሩ። አልከደን ሲላቸው ወደ እኔ ዞረው፣ «ሬሳውን ካሳየኸኝ ይበቃኛል» አሉ። ለቅሶውን የሰማ ጎረቤት ገባ። በሕይወት አለ ብዬ ብጮህ፣ መርዶ የደበቀን ሰው በሚያዩበት ዓይን አዩኝ። ምንይሉ ስልኩን አምጥቶ አንተን ሊያሰማቸው ቢል፣ ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እኔም ማሽኑን ይዤ ተቀመጥኩ። ጥሪዎቹን የሚቆጥር አንድ መዝገብ በውስጡ አለ። ገመድ አልባውን ዝም አሰኘሁና ቁጥሩን ተመለከትኩ። በጥሪ 18 ላይ ቁጥሩ ይወጣል። ማንም በሌለበት መስመር ላይ በመቶ፣ በሺህ ይወጣል። ቀን በብርሃን ነው ያየሁት፤ ቢሆንም ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጀርባውን ፈትቼ አንዲት ትንሽ ካርድ አገኘሁ። የድሮ መደበኛ ስልክ የሚሰካባት ናት። ሽቦ ገብቶባት አያውቅም፣ በእኔ ሲስተም ድራይቨር የላትም፤ ስትጣራ የኖረችው እሷ ነበረች። በመፍቻ ነቀልኳት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተቋረጠም። ምንይሉም አልሳቀም።

እማሆይ ግን አያዩም። የሙት ፊት ሁለት ጊዜ አይታይም አሉ። ቄስ ኃይለመስቀል ለሕያው ሰው ፍትሐት የለም ቢሏቸው፣ እርስዎንም መርዶ ለመደበቅ አስማሙዎት አሏቸው። ትናንት ይህን ወረቀት ሳዘጋጅ አይተውኝ፣ «አሁንም ለሞተ ሰው ትጽፋለህ?» አሉኝ። 

ሌላም አለ። ከፋሲካ ወዲህ በራፍ ላይ ተቀምጠው ድንገት አቤት ይላሉ። ማን ጠራዎት ሲባሉ፣ ይሥሐቅ ነዋ። ከዚህ በፊት የጠሪውን ፊት ሳያዩ አቤት ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ባለፈው ሐሙስ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ መጠገኛው ውስጥ ሽቦ ስበይድ እማዬ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያንተ ድምፅ ነው። ኮምፒውተሩ ተዘግቷል፣ ባትሪው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማልወድ ሰው እንደሆንኩ ታውቃለህ። ወጥቼ ቤቱን ዞርኩ፤ ጉም ብቻ ነው። አማከለች ግን ከጓዳ ወጥታ ማን መጣ ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ሰዓት ጠርተኸን እንደሆነ ጻፍልኝ። ካልጠራኸንም ጻፍልኝ።

ገመዱን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በእልኬ እናቴን አስለቅሻለሁ፤ ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። ማሽኑን ጠግኛለሁ፤ እሳቸው ዘንድ ግን በሽቦም ያለ ሽቦም መድረስ አልቻልኩም። የመኖሪያ ፈቃድ ከተሰጠህ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ዘንድሮ፣ ከርሞ እያልክ አትቀጥረኝ። ዓይናቸው ሳይጠፋ በሥጋህ ና። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ አውቶቡስ አለ። ስትደርስ በደጅ ቆመህ እንዳትጣራ። ዝም ብለህ ግባና እጃቸውን ያዝ።

አማከለች አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች። ምንይሉ እጅ ነሥቷል፣ ስትመጣ ገመዱን እኔ እሰካለሁ ብሏል። ቄስ ኃይለመስቀል በጸሎት ያስቡሃል። ኮከብንና ማዕረግን ሳምልኝ። እማሆይን ምን ብዬ ልጻፍልዎ ስላቸው፣ ለሙት ሰላምታ አይላክም፣ ጸሎት እንጂ አሉኝ።

ወንድምህ በኃይሉ
መንዝ፣ መሐል ሜዳ
ሚያዝያ 16 ቀን 2004 ዓ.ም.