ሚዛን የወሰደብኝ ቡድን

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት መገባደጃ
ከሳሎን፣ መስኮቱ ሥር

ለማልጠግብሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ጀርባሽስ? ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለሽ የሰው ጥርስ ስትነቅዪ ስለምትውዪ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። ማለቴ፣ ሐኪም የሚያየው ነገር የለም።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ስላልተመቸኝ ነው። ስንደዋወል እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እንደሱ አይደለም» እያለች ታርመኛለች። ዕድሜ ልኳን ተማሪ ያረመች ሴት ጡረታ ስትወጣ የሚቀራት ባሏ ብቻ ነው። የእሷን ወሬ እንደሰማሽ ሁሉ እስቲ የእኔንም ስሚ።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገርና ይውጣልኝ። ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን የማጣሪያ ጨዋታ ሲያሸንፍ ለሚዛን ደውለሽ «እንኳን ደስ አለህ» ብለሽዋል። ራሱ ነው ፊቱ በርቶ የነገረኝ። ጥሩ አድርገሻል፣ እኛ ቤት በልቶ ያደገ፣ እንደ ወንድምሽ የሆነ ልጅ ነው። ግን እኔ ያንን ቡድን ያን ሁሉ ዓመት ሳሠለጥን መቼ ደወልሽልኝ? «አባዬ፣ መቼ አሸንፈህ?» እንዳትዪኝ። ያሸነፍኩበት ጊዜ አለ።

ሚዛን ያልኩትም እኔ ነኝ። ከሩቅ ከተማ አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ መጥቶ የኋላ ክፍሉ ውስጥ ሲኖር ትዝ ይልሻል? ሜዳ መሐል ሲቆም ቡድኑ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያጋድልም ነበር። ይኸው ዛሬ ሀገር ሁሉ እኔ ባወጣሁለት ስም እየጠራ ያጨበጭብለታል። ስሙ እንኳ የእኔ፣ ጭብጨባው የእሱ!

ፌዴሬሽኑ «ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን» ብሎ የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶ ያሰናበተኝ ዕለት፣ የቢሮውን ቁልፍ አስረክቤ ስወጣ በእኔ ቦታ የተሾመው ሚዛን ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካልፈቀዱልኝ አልገባም» አለኝ።

«ግባ እንጂ! ማን ከለከለህ?» አልኩት። ያለው አፌ ነው፤ ሆዴ ሌላ ነበር።

በእኔ ጊዜ ተከላካዮቼ ከግብ ክልላቸው ብዙ አይርቁም ነበር። ጎል ያልገባበት ቡድን አይሸነፍም፣ ይኼ የእኔ እምነት ነው። እሱ ግን መጥቶ ሁሉንም ወደ መሐል ሜዳ ገፋቸው። በረኛው እንኳ ኳሷን ወደ ሰማይ መጠለዝ ትቶ እንደ አማካይ በእግሩ ያቀብላል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብዬ የሚያፍርበትን ቀን ስጠብቅ፣ በቅቶ ተረፈ። አሸነፈ፣ ደገመ።

ከዚያ ደግሞ ጋዜጠኞቹን ጠርቶ ወንበር ሰጣቸው። ምላጭ የሚሉትን የሬዲዮ ጋዜጠኛ ታውቂዋለሽ፣ እኔን «በሩን ቆልፎ የሚተኛ አሰልጣኝ» እያለ ሰው ያሳቀብኝን። እኔ ልምምድ ላይ ብቅ ሲል በዘበኛ ነበር የማስወጣው። ሚዛን ግን ከየጨዋታው በፊት ሰብስቦ ሰሌዳ ላይ እየሳለ ያስረዳቸዋል። «እንዲህ ልንጫወት ነው፤ ካልሆነልን የቱ ጋ እንደተሳሳትን አብራችሁ ፈልጉልን» ይላቸዋል አሉ። ስለ ሰው ቦርጭና ስለ ሰው ኮት ሲያወራ የኖረው ምላጭ፣ አሁን በተከላካይና በአማካይ መሐል ስላለው ክፍተት በሬዲዮ ያስተምራል። እኔ በቁጣ ያልመለስኩትን ሰው እሱ በወንበር መለሰው። ሬዲዮውን ዘጋሁት። እናትሽ መጥታ ከፈተችው።

እናትሽ! ወደ እሷ ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ የቡድኑን ማልያ ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች። አዎ፣ ማልያ።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ስታዲየም።»

እኔ ቡድኑን ስመራ ለየጨዋታው ትኬት አመጣላት ነበር። አንድ ቀን ራሷን ያማታል፣ ሌላ ቀን ፈተና ታርማለች፣ ሌላ ቀን እንግዳ ይመጣባታል። አሁን ያ እንግዳ ሁሉ የት ገባ? ጡረታ የወጡ መምህራን ጓደኞቿን፣ ጎረቤቶቻችንንና የእነሱን ልጆች ሰብስባ አንድ ረድፍ ይዛለች። ስድብ የማይሰማበት ረድፍ ነው። አንዱ ተመልካች ዳኛውን ሊሰድብ አፉን ሲከፍት፣ ዞር ብላ «አንተ፣ ባለ ሰማያዊው ሹራብ! ተነስና ያልከውን ለክፍሉ ድገመው!» አለችው አሉ። ሰውዬውም ተነሳ አሉ። ይቅርታም ጠየቀ አሉ። ቡድኑ ጎል ሲገባበት ሌላው ሲያፏጭ እነሱ ይዘምራሉ። ይህን ያየ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወደ እነሱ እየተጠጋ፣ አንዱ ረድፍ አድጎ የስታዲየሙን አንድ ጥግ ሞላ።

ላንቺ በሚገባሽ ቋንቋ ልንገርሽ። በሚዛን መቅናቴ ጥርስ እንደሚጠዘጥዝ ነበር። በእናትሽ ምክንያት መቅናቴ ግን ያለ ማደንዘዣ እንደመነቀል ነው። ማልያዋን በር ላይ ቆሜ ሳየው፣ ያ ልጅ ቡድኔን ብቻ ሳይሆን ሚስቴንም የወሰደብኝ መሰለኝ። አትሳቂ።

ከዚያ መሸነፍ መጣ። ተከታትሎ፣ ሦስቴ። ሦስተኛውማ በሜዳችን ነው፣ ደጋፊው ወንበር እስኪወረውር ድረስ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት ትከሻቸው ላይ ሊሸከሙት የነበሩት ሁሉ ምሳር ይዘው ተሰለፉ። እኔስ? ለማንም አልተናገርኩም፣ አንቺን ግን አልዋሽሽም፤ ደስ አለኝ። የዚያን ዕለት ስኳር ሳልጨምር ሻይ ጠጣሁ። ጣፈጠኝ።

በማግስቱ ምላጭ ደወለ። «ጋሼ፣ እባክዎ ስቱዲዮ ይምጡልን። ሕዝቡ የእርስዎን ሐሳብ መስማት ይፈልጋል።» ስሜን በደግ አንስቶ የማያውቅ አፍ «ጋሼ» አለኝ! ጢሜን ተላጨሁ፣ ጥቁሩን ኮቴን ለበስኩ። እናትሽ በሩ ላይ ቆመች።

«ልትቀብረው ነው?»

«እውነቱን ልናገር ነው።»

«እውነት ለመናገር ጢም መላጨት ያስፈልጋል?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «አንቺ ምን አገባሽ?» አልኳት። «የገዛ ባልሽ ሲሰደብ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሲሰደብ ጠበቃ ሆነሽ ቆምሽ!»

ትመልስልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መጥቼ ነበር» አለችኝ።

«የት?»

«ስታዲየም። በአንተ ጊዜ። አንዴም አይደለም። ሳልነግርህ ወጥቼ ከላይ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ ከመጀመሪያው ፉጨት እስከ መጨረሻው ሰደበህ። አንተን፣ እናትህን፣ ያሳደገህን። ዞሬ 'ባሌ ነው' ልለው ፈለግሁ፤ ድምፄ እምቢ አለኝ። ቤት ገብቼ እራትህን አቀረብኩልህ። አንተም 'ራስ ምታትሽ ተሻለሽ?' አልከኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አንተ ራስህ ገርጥተህ እየገባህ።» ከዚያ ማልያዋን በእጇ እየዳሰሰች፣ «አሁን የሚሰደበው ልጅ ነው። ስለ ልጅ ስለሆነ ዞሬ መመለስ ቻልኩ። ያን ጊዜ ላንተ ያልወጣልኝ ድምፅ ነው አሁን የሚወጣልኝ» አለችኝ።

ኮቴን ለብሼ ስለነበር ወጣሁ።

ስቱዲዮው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ ተለብዷል፣ መስኮት የለውም። ምላጭ ሻይ አስመጣልኝና ስልኩን ለአድማጭ ከፈተው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደዋዮች ሚዛን ላይ ስድብ አወረዱበት፤ እኔም ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። የመጣሁበትን ንግግር በልቤ አዘጋጅቼ ተራዬን እጠብቃለሁ። ሦስተኛው ደዋይ «ለመሆኑ ይኼን ሰውዬ ኳስ ያስተማረው ማን ነው? ማንም ያስተምረው፣ እሱ ምንም አያውቅም!» አለ።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፅ ማጉያው ጮኸ። «እሱን ምንም አያውቅም ስትል የምትሰድበው እኔን ነው! ኳስ የሚያውቅ ልጅ ነው። የሠራው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ረስቷል። ቀኝ ተከላካዩ ለማጥቃት ሲወጣ ከኋላው በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ሦስቱንም ጨዋታ የገቡብን በዚያ በር ነው። ከአማካዮቹ አንዱ እዚያ ዝቅ ብሎ ይቁም፣ አለቀ!»

ምላጭ ፊቱ ጠቆረ። ያሰበው ድግስ ሊበላሽበት ነው። «እና ጋሼ፣ አሰልጣኙ ይነሳ ነው የሚሉን?»

«በር መዝጋት የረሳ ሰው በሩን ይዘጋል እንጂ ቤቱን አያፈርስም።»

ወደ ቤት ስመለስ በራሴ ተናድጄ መንገዱን ሁሉ አጉረመረምኩ። ልቀብረው ሄጄ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣበትን መሰላል አቀብዬው ተመለስኩ! እናትሽ ግን ሬዲዮውን ከፍታ ሰምታ ኖሮ፣ ሻይ አቀረበችልኝ። ስኳሩን ራሷ ጨመረችበት።

ትናንት ጨዋታ ነበር። ኮፍያዬን እስከ ዓይኔ ደፍቼ ከእሷ ጋር ሄድኩ፤ ረድፏ ላይ አስቀመጠችኝ፣ መስደብ እንደማይፈቀድ አስጠነቀቀችኝ። ሚዛን አንዱን አማካይ ዝቅ አድርጎ ከቀኝ ተከላካዩ ኋላ አቆመው። ልክ እንዳልኩት። ተቃራኒዎቹ በዚያ በኩል መጥተው መጥተው፣ በሩን ተዘግቶ ሲያገኙት ተሰላቹ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ሰው ሁሉ ሲዘል እኔ ተቀምጬ ነበር። ዘለሃል ብላ እናትሽ ብትነግርሽ አትመኛት።

ስንመለስ በታክሲው ሬዲዮ የሚዛን መግለጫ ይሰማል። ምላጭ «ይህ ለውጥ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀው።

«ከመምህሬ» አለ። «ቤቴ ተቀምጬ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ በእናንተው ሬዲዮ ሰማኋቸው። የማውቀውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የረሳሁትንም አስታወሱኝ። የዛሬው ድል የእሳቸው ነው።»

ሾፌሩ በመስተዋት አየት አደረገንና፣ «ይኼ ሽማግሌ ይኼን ሁሉ ካወቀ በራሱ ጊዜ ምን ያዘው?» አለ።

እናትሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሾፌር፣ መንገዱን እያየህ ንዳ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ስሜ በደግ ተነሳ፣ ቡድኑም አሸነፈ። ግን ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ጊዜ ይበልጥ የቀናሁት ያኔ ነው። በሥልጣኑ ቀንቼ ነበር፣ ሥልጣን ያልፋል። በጭብጨባው ቀንቼ ነበር፣ ጭብጨባም ያልፋል። ያን ሁሉ ጋዜጠኛ ፊት ለፊት አድርጎ፣ ባሸነፈበት ቀን «የእኔ አይደለም» ማለት መቻሉን ግን ከየት አመጣው? ኳስ አስተምሬዋለሁ፤ ይኼንን እኔ አላስተማርኩትም። በጨለማ እንኳ ብፈልገው እኔ ውስጥ የለም።

ዛሬ ጠዋት እቤት መጣ። እናትሽን «እማዬ» ብሎ አቅፎ፣ እኔ ፊት እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ጋሼ፣ ተከላካዮቹን ይያዙልኝ» አለ። «እኔ ወደ ፊት ስሮጥ ኋላዬን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ጉልበቴን ያመኛል» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ የፈለግሁት ዓይንዎን ነው፤ ጉልበትዎን ለራስዎ ያኑሩት።»

«የእኔን ጨዋታ ሰዉ አይወደውም።»

«የእኔንም ባለፈው ሳምንት አልወደደውም።»

«አስብበታለሁ» አልኩት። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ነገ ጠዋት ልምምድ አለ አሉ። እኔ የምሄድ አይመስለኝም። በዚህ ዕድሜዬ በገዛ ተማሪዬ ፉጨት ልሮጥ? ሰውስ ምን ይላል? አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል፦ ያ የግራ ተከላካይ ኳስ ሲቀበል ጀርባውን ለሜዳው ይሰጣል። መጥፎ ልማድ ነው፤ ቶሎ ካልታረመ አብሮት ያረጃል። አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል።

እናትሽ ደግሞ ከአልጋው ሥር የድሮውን የሜዳ ጫማዬን አውጥታ፣ ጭቃውን አራግፋ በር አጠገብ አስቀምጣዋለች። «ይኼ ምንድን ነው?» ስላት «ጫማ ነዋ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

በይ እንግዲህ ልጄ፣ የእጅሽን ሥራ ፈጣሪ ይባርክልሽ። ያከምሻቸው ሰዎች በሳቁ ቁጥር አንቺን ያንሱሽ። በሄድሽበት ሁሉ ከኋላሽ የሚቀመጥ ሰው ደግ ደጉን ያውራልሽ፤ ክፉ ቢያወራም ዞሮ የሚመልስልሽ አይጥፋ። እራትሽን ሳትበዪ አትተኚ። ለእኛ ስትደውዪ ደግሞ አንዳንዴ እኔን አስቀድሚ።

የሚናፍቅሽ አባትሽ

ማሳሰቢያ፦ ጫማው አሁንም ልኬ ነው።