አባባ ጓዳ መብላት ጀምሯል

ውድ እህቴ ትንቢት፣

የትኛው ባሕር ላይ እንደሆንሽ ባላውቅም የጌታ ሰላም አይለይሽ። እኛ ዲላ ደህና ነን፤ ዝናቡም ጥሩ ነው።

የምትሠሪበት መርከብ እንግዶች ሱፍ ለብሰው የሚቀርቡበትን እራት ትተው፣ ላይኛው ፎቅ በነጠላ ጫማ መብላት እንደሚመርጡ የጻፍሽውን ለአባባ አነበብኩለት። «ብልሆች ናቸው» አለ።

እሱም እንደዚያው ሆኗል። ቅዳሜ በጎረቤት ሠርግ ሽማግሌዎቹ ከትሪያቸው ዙሪያ ቦታ ቢይዙለት፣ «ጓዳ ይሻለኛል» ብሎ ብቻውን በማንኪያ በላ። እትዬ አሰፋች «ጋሽ ጅግሶ፣ እርስዎም እንደ ልጅዎ መርከብ ገቡ እንዴ?» ብለው ሲቀልዱበት አብሯቸው ሳቀ። ወጥ የፈሰሰበትን ሸሚዙን ቤት ስንገባ አጠብኩለት።

ቤትም በየሳህናችን ሆነናል፤ ማጉረሱን ትቷል። ሻይ የምቀዳለት እስከ ብርጭቆው ግማሽ ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «መጀመሪያ ቡናው ይለቀም» ይላል።

ለገና እመጣለሁ ብለሻል። ቀደም ብለው ፈቃድ ይሰጡሽ እንደሆነ ጠይቂ። ለክፉ አይደለም፤ ትናንት ስምሽን ስላነሳ ነው።

ሁሉም ሰላም ብለውሻል። አባባ ከደብዳቤው ግርጌ ሁልጊዜ በእጁ የሚጽፍልሽን ምርቃት ዛሬ «አንቺው ጻፊላት» ብሎኛል፦ ጌታ በሄድሽበት ይቅደምሽ።

እህትሽ ሔለን