ወደ ደረቁ ቦታ እንዳልዛወር

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ለለምለም የጋራ አትክልት ቦታ ማኅበር ሊቀመንበር
ለክቡር አቶ አለምሰገድ ሊዑል
አውሮራ

ጉዳዩ፦ ከቦታ ቁጥር 14 ተነሥቼ ወደ ቦታ ቁጥር 32 እንድዛወር የተሰጠው ውሳኔ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የማኅበሩ አባል ከሆንኩ አራት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ቱቦ ከፍቼ ሄጄ፣ የጋራ አካፋ ቤቴ ወስጄ አላውቅም። ጥቅምት 8 ቀን በኢሜይል የተላከልኝን ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ቁጥር 14 ውሃ የሚቋጥር በመሆኑ፣ ደግሞም ከጎረቤቴ ከወ/ሮ ከበቡሽ ጋር «ተስማምቼ መሥራት ስላልቻልኩ» በሩ አጠገብ ያለው ደረቁ ቁጥር 32 እንደተሰጠኝ ይገልጻል። ቁጥር 32 ፀሐይ ያገኛል፤ ብዙ አባላትም ተመዝግበው እየጠበቁት ነው። እኔ ግን አልፈልገውም። ምክንያቴን በአክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ዝናቡ የጀመረው በመስቀል ማግስት ነው። የኮሎራዶ መስከረም ደረቅ ነው ብለን ቱቦ ስንጎትት የከረምን ሰዎች ለአሥራ አንድ ቀን ሳያባራ ዘነበብን፤ ከዚያም በኋላ እያሰለሰ ቀጠለ። ቁጥር 14 ከሁሉም ዝቅ ያለ ስለሆነ የሰው ሁሉ ውሃ እኔ ዘንድ ገባ። ገና ያልወጣ አራት መደብ ድንች ነበረኝ። እንዳይበሰብስብኝ ስል መስከረም 21 ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ቦይ ቆፈርኩ። ቦዩ ውሃውን በደንብ አወጣው። ያወጣው ግን ወደ ቁጥር 15፣ ማለትም ወደ ወ/ሮ ከበቡሽ ጎመን ነው። ይህን ጥፋቴን አምናለሁ።

2. ወ/ሮ ከበቡሽ ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል በጡረታ የወጡ የሰባ ሁለት ዓመት እናት ናቸው። በማግስቱ ስደርስ ቦት ጫማቸውን አድርገው ጎመናቸው መካከል ቆመው ጠበቁኝ። «ግዛው፣ እኔ ሩዝ ተክያለሁ እንዴ?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅርታዬ ውሃውን አልመለሰውም። በዚህም ምክንያት፣ ድመት ሳይኖራቸው፣ ስድስት ከረጢት የድመት መጸዳጃ አሸዋ ገዝተው ወሰናችን ላይ ደረደሩ። ውሃው ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። እኔ በከረጢቶቹ ሥር ቆፈርኩ፤ እሳቸው ሰባተኛ ጨመሩ። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ እንዲህ ስንባባል ቆየን። አንድ ቀን ሊወስዷቸው የመጡት ነርሷ ልጃቸው ልዕልት ዝናቡን ፈርተው ከመኪና ሳይወርዱ መስኮት ከፍተው «ማሚ፣ ጀስት ቶክ ቱ ሂም!» አሏቸው። ወ/ሮ ከበቡሽም አካፋቸውን ሳያስቀምጡ «እያወራን ነው!» ብለው መለሱ።

3. ጥቅምት 8 ቀን ቅዳሜ እርስዎ ቦታውን ለማየት መጡ። ከክርስትና ግብዣ በቀጥታ የመጡ በመሆኑ ጫማዎ ለጭቃ የሚሆን አልነበረም። እኔ «በዚህ በኩል ይምጡ» ስል፣ ወ/ሮ ከበቡሽም «የለም፣ በዚህ በኩል ይሻላል» ሲሉ፣ እርስዎ ሁለታችንንም ላለማስቀየም በመካከላችን መጡ። መካከላችን ደግሞ ቦዩ ነበር። አንድ እግርዎ እስከ ጉልበት ገባ። እኔ በቀኝ፣ እሳቸው በግራ ይዘን «አንድ፣ ሁለት!» ብለን ሳብን። እርስዎ ወጡ፤ የግራ ጫማዎ ቀረ። እስከ ክርናችን ገብተን ብንፈልግም አላገኘነውም። በዚያ ሰዓት መሳቃችን ተገቢ አልነበረም፤ በሁለታችንም ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጫማው ሲገኝ አጥቤ ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ። ሆኖም የውሳኔው ኢሜይል የደረሰኝ እርስዎ በሄዱ በአርባ ደቂቃ ውስጥ በመሆኑ፣ ውሳኔው የተሰጠው ካልሲዎ ሳይደርቅ ነው ብዬ በትሕትና እገምታለሁ።

4. እርስዎ ከሄዱ በኋላ የሆነው በደብዳቤው ላይ የለም። ወ/ሮ ከበቡሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው «ና፣ ይሄን ነገር እንጨርሰው» አሉኝ። አሸዋውን አነሣን። ወሰናችን ላይ አንድ ቦይ አብረን ቆፍረን ውሃውን ታች ወዳለው የጠጠር ጉድጓድ ለቀቅነው። የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ዛሬ በሁለቱም ቦታ የቆመ ውሃ የለም፤ በማንኛውም ጫማ መጥተው ማየት ይችላሉ። ከድንቹ ግማሹን አትርፌያለሁ። እሳቸው ሁለት መስመር ጎመን ሞቶባቸዋል። አንድ ቅርጫት ድንች ወስጄላቸው «ጭቃ ጭቃ ይላል» ብለው ተቀብለውኛል።

5. ይህ አንቀጽ ለውሳኔው ይጠቅም እንደሆነ አላውቅም። ሥራዬ መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት በሻትል ማመላለስ ነው። በቀን ሁለት መቶ ያህል ሰው አሳፍራለሁ፤ የምላቸውም ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ስንተኛ ረድፍ ነው ያቆሙት? በየትኛው አየር መንገድ ነው የሚሄዱት? ሻንጣዎን እንዳይረሱ። ልጄ ስምረት ሊትልተን ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ሥራ ይበዛባታል፤ አልከሳትም። በሌላው ቀን ቤቴ የሚያናግረኝ ቴሌቪዥኑ ነው። ባለፈው ወር ግን ከሥራ ስወጣ የምቸኩልበት ቦታ ነበረኝ። ለወ/ሮ ከበቡሽ የምመልሰውን መልስ መንገድ ላይ እያዘጋጀሁ ነበር የምነዳው። አንድም ቀን አሸንፌአቸው አላውቅም። ማኅበሩ «አለመስማማት» ብሎ የመዘገበው ነገር ለእኔ የቀኑ ጥሩ ሰዓት ነበር። ቁጥር 32 ላይ ቆሜ ከቁጥር 15 ጋር ለመነጋገር መጮህ ይኖርብኛል፤ በማኅበሩ ደንብ ደግሞ መጮህ ክልክል ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ. የጥቅምት 8 ቀን ውሳኔ ተነሥቶ በቁጥር 14 ላይ እንድቀጥል፤

ለ. ቁጥር 32 መንታ ወልደው ወረፋ ለሚጠብቁት ለወ/ሮ ፀዲ እንዲሰጥ፤ የልጅ ጋሪ ለመግፋት ደረቁ መንገድ ይሻላቸዋልና፤

እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። አዲሱን ቦይ ሁልጊዜ ለመጥረግ ግዴታ እገባለሁ።

ነገሬን ደግመው ያዩልኛል ብዬ በመተማመን፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ግዛው ወልደገብርኤል
(ፊርማ)
የቦታ ቁጥር 14 ባለይዞታ

የምስክር ቃል፦
እኔ ከበቡሽ እንቁሥላሴ፣ የቁጥር 15 ባለይዞታ፣ ከላይ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። አብዛኛው እውነት ነው። ትናንት ነጭ ሽንኩርት መትከሉን ግን አልጻፈም። ውሳኔ ሳያገኝ መትከሉ ጥፋት ነው። ግማሹንም ዘቅዝቆ ነው የተከለው። ሳይበርድ አውጥተን መልሰን መትከል አለብን፤ እኔ ብቻዬን አልችለውም። ይቆይልኝ።
(ፊርማ)