ባለሙያዋ

ባሕር ዳር፣ ጥር 1974

የሻሽዬ፣

ይህን ካርድ የምጽፍልሽ ጣና ዳር፣ የኪነት ቡድኑ ከሚለማመድበት አዳራሽ ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ስደርስ አገርነሽ ከምትባል የቁንዝላ ልጅ ጋር አስተዋወቁኝና «ባለሙያችን ናት» አሉኝ። እኔ ወጥ ሠሪያቸው መስላኝ፣ «ታዲያ ዛሬ ምን ሠራሽልን?» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች።

«ምሽት ነው የሠራሁት፤ ይቀምሳሉ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ወስዳ ከመብራት መቆጣጠሪያው አጠገብ አስቀመጠችኝ። እጀታውን በጣቷ ጫፍ ዝቅ ስታደርገው መድረኩ ቀስ እያለ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ሆነ፤ በመጨረሻ ሐይቁን ራሱን መሰለ። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ሐይቁ እየደበዘዘ፣ ታንኳዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ይመለሳሉ። የቱ ምሽት የእሷ፣ የቱ የእግዜር እንደሆነ ጠፋኝ። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የብርሃኑን አወራረድ ያጠናችው ከታንኳ ላይ ሆና ነው አሉ።

እኛ ቴአትር ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ለሴት ያለው መርፌና ካውያ ብቻ ነው። አንቺ ወደ መብራት ክፍል ልዛወር ብለሽ ስታመለክቺ፣ ኮሚቴው «የሻሽወርቅ ባለሙያ ናት፤ ስፌቷን ማን ይተካል?» ብሎ ሳቀ። እኔም የኮሚቴው አባል ነኝና አብሬ ስቄ፣ ጥያቄሽ ይውደቅ ብዬ እጄን አወጣሁ። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ካርዱ ጠበበኝ። እማማ ባንቺአየሁን ጉልበት ሳሚልኝ። ማመልከቻሽን እንደገና አስገቢ፤ ይህንንም ካርድ አያይዢበት።

አዘዘ