ማዲያቴና አማቴ

መጋቢት 9 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

አማቴ ጉንጬ ላይ ማዲያት ካዩ ወዲህ «ምራቴ ጸንሳለች» ብለው ለሰፈራችን ለባኬ ጃማ ሰው ሁሉ አዳርሰዋል። ክሊኒክ ብሄድ ድሬሰሩ ፊቴን አገላብጦ አየና «እርግዝና የለም፤ ፀሐይ ነው የጎዳሽ። ሎሚ መቀባቱን ተይና ጃንጥላ ያዢ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በጋውን ሙሉ ሎሚ ተቀብቼ፣ ተማሪዎቼን ሜዳ ላይ ስፖርት ሳሠራ ነው የከረምኩት።

ግን ስንት ዓመት ሲጸልዩልኝ ለኖሩ ሴት ይህን በምን አፌ ልንገራቸው? ለባሌ ብቻ ነገርኩት። እሳቸው ደግሞ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ፀሐይ እንዳይመታሽ!» እያሉ ገበያ ከለከሉኝ። ትምህርት ቤት ድረስ ጃንጥላ ይዘውልኝ ይሄዳሉ። ተማሪዎቹ ንግሥት እያሉኝ ነው።

ዛሬ መስታወት ሳይ ጉንጬ ጠርቷል። ማዲያቱ ከጠፋ ራሳቸው ይረዱታል ብዬ ተደስቼ ፊቴን አሳየኋቸው። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ዋቃዮ ገለቶሚ፣ አምላኬ ተመስገን! ማዲያቱ ለቀቀሽ፤ ወንድ ነው ማለት ነው!»

ይህን ስጽፍ ሳሎን ተቀምጠው ስም እያወጡለት ነው። ባሌም፣ ሁሉን የሚያውቀው ባሌ፣ «ይሄኛውን ስም አልወደድኩትም» እያለ ይከራከራቸዋል።